ሳፋውና አሥሩ ደቂቃ

ደሴ በገባሁ በሦስተኛው ቀን የእህቴ ልጅ «አክስትዬ፣ ነይ ጥፍርሽን ልሥራልሽ» አለችኝ። አሥራ አራት ዓመት ቨርጂኒያ ተቀምጣ የሰው ጥፍር ስትሞርድ ለኖረች ሴት እንዲህ ያለው ግብዣ ጠላ ጠማቂን ጠላ እንደ መጋበዝ ነው። ቢሆንም ልጅ በሙያዋ ስትጋብዝ እምቢ አይባልም። ከፒያሳ ቁልቁል ወርደን አንዲት ጠባብ የውበት ሳሎን ገባን። ሁለት መስተዋት፣ አንድ ካስክ፣ ሚስማር ላይ የተንጠለጠለ ፒያስትራ፣ ጥግ ላይ ውሃ የሞላ ቢጫ ጀሪካንና ቀለሙ የለቀቀ ሰማያዊ ሳፋ። የቤቱ ባለቤት ቤይሩት ስምንት ዓመት ሠርታ የተመለሰች ናት። ሰላም ስትለኝ ገና በእጇ አወቅኳት፤ ሞረድ አውራ ጣቷ ላይ ያጠጠረው ቆዳ የኔም ጣት ላይ አለ።

የእህቴ ልጅ አንድ የግል ማሠልጠኛ ውስጥ ሦስት ወር ተምራ አሁን እዚህ ያለ ደመወዝ ቆማ ትለምዳለች። ቆማ ያልኩት ለአባባል አይደለም። ጠዋት ሁለት ሰዓት ገብታ ትጠርጋለች፣ ቢጎዲን ታቀብላለች፣ ፎጣ ታጥባለች፣ የባለቤቷን እጅ ስታይ ትውላለች። ደንበኛ ሲበዛ ጥፍር ይሰጧታል፤ ፀጉር ገና ነው። ሲደርስ ደግሞ ሲኦሲ የሚሉትን የብቃት ምዘና ትፈተናለች።

እጇ ጎበዝ ነው። ይህን የምለው ሥጋዬ ስለሆነች አይደለም። ፍሬንች የሚሉትን ባለ ነጭ ጫፍ ጥፍር ስትቀባ ትንፋሿን ትይዝና በቀጭኗ ብሩሽ ነጩን መስመር በአንድ ጊዜ ትስበዋለች፤ እኔ ያንን መስመር ሳላንቀጠቅጥ ለመሳብ ዓመት ፈጅቶብኛል። ከሰባት ዓመቷ ጀምሮ የጎረቤት ልጅ ሹሩባ ስትሠራ ያደገች ጣት የትም ትምህርት ቤት አይገኝም።

ከኔ ቀጥሎ አንዲት እናት ተቀመጡና እግራቸውን ሳፋው ውስጥ ነከሩ። ልጅቷ የኔን ጥፍር ዳርና ዳር ቆዳ ያነሳችበትን ኒፐር በሶፍት ጥርግ አደረገችና ወደ እሳቸው እግር ጎንበስ አለች።

«ቆይ ቆይ!» አልኩ።

«ምነው? አጸዳሁትኮ!»

አልዋሸችኝም። ያታለላት አማርኛችን ነው። ያንን ቀን ስብሰለሰል የዋልኩትም በዚች ቃል ነው።

እኔ በተማርኩበት አገር ጥፍር ለመሥራት የሚቀመጥ ሰው ቀለም ሳይነካ በፊት ሦስት ቃል እንዲለይ ይደረጋል። ክሊን ማለት በሳሙናና በውሃ ዓይን የሚያየውን ቆሻሻ ማስወገድ ነው። ዲስኢንፌክት ማለት የታጠበውን ዕቃ መድኃኒት ውስጥ አጥልቆ ዓይን የማያየውን መግደል ነው፤ ጊዜ ይፈልጋል፣ ብዙ ጊዜ 10 ደቂቃ ሙሉ። ስተርላይዝ ደግሞ ሐኪም ቤት በግፊት እንፋሎት እንደሚደረገው ምንም ሕይወት ያለው ነገር ሳይቀር መጨረስ ነው። የእህቴን ልጅ የማሠልጠኛ ደብተር ተቀብዬ አገላበጥኩት። ፎቶ ኮፒው እንግሊዝኛ ነው፣ ከጎኑ አስተማሪዋ በቃል የተረጎመችውን በእርሳስ ጽፋለች። ሦስቱም ቃል ፊት ለፊት የተጻፈው አንድ ነው፦ «ማጽዳት»። ታዲያ በሶፍት የጠረገ ሰው ምን አጠፋ?

ይህን ስል አሜሪካን የሥልጠና ገነት አድርጌ ለመሸጥ አይደለም። ያ አገር መጀመሪያ ሰዓት ይቆጥራል። ቨርጂኒያ የጥፍር ባለሙያ ለመሆን 150 ሰዓት ትጠይቃለች። የፖቶማክን ድልድይ ተሻግሮ ሜሪላንድ የገባ 250 ይባላል። ካሊፎርኒያ 400 ነው፣ ቴክሳስ 600። የሰው ጣት በየትም አሥር መሆኑ እንዳለ ነው። ሥራ ቦታ «የሜሪላንድ ሰው ጥፍር በመቶ ሰዓት ይወፍራል» እየተባባልን እንስቃለን። ፀጉሩንም ፊቱንም ጥፍሩንም አጠቃሎ የሚይዘው የኮስሞቶሎጂ ፈቃድ ደግሞ ከዚህ ይብሳል። ካሊፎርኒያ እስከ 2022 ድረስ 1,600 ሰዓት ታስቆጥር ነበር፤ አሁን ወደ 1,000 አውርዳዋለች።

እኔ የተማርኩበት ቤት ስሙን አላነሳም። ደንበኛ ገብቶ ከፍሎ ይወጣል፣ እኛ ተማሪ ስለሆንን አይከፈለንም፣ እንዲያውም ከፋዮቹ እኛ ነን። ደንበኛ በሌለ ቀን ፎጣ እያጠፍን ሰዓት እናስቆጥራለን። የእህቴ ልጅ ቆማ ስትጠርግ ሳይ መጀመሪያ ያዘንኩትን ያህል ቆይቼ ሳቄ መጣ፤ እኔም ያንኑ ጠርጌያለሁ፣ ያውም በዶላር ገዝቼ። ኮስሞቶሎጂ የተማረች ጓደኛዬ ከአሥር ሺህ ዶላር በላይ ከፍላ ስትወጣ የሚያውቁት እጆቿ ለስላሳ የአሻንጉሊት ፀጉር ብቻ ነበር። እንደኛ ያለው ፀጉር መጽሐፉ ውስጥ አንድ ምዕራፍ ናት፣ እሷንም አስተማሪው ዘለላት። ሹሩባን በተመለከተ ቨርጂኒያ ራሷ በአውሮፓውያኑ 2012 ፈቃድ መጠየቁን ትታዋለች። ነፍሷን ይማረውና ሴት አያቴ ብትሄድ ኖሮ ያለ ማንም ፈቃድ ትሠራ ነበር ማለት ነው።

ፈተናው ግን አንድ ነገር አስተምሮኛል። የተግባር ፈተና ስፈተን የቀባሁት ቀለም ማማሩን ያየልኝ የለም። ፈታኟ የምታየው እጄን መታጠቤን፣ ያገለገለውና ያላገለገለው ዕቃ በተለያየ ከረጢት ስም ተጽፎበት መቀመጡን፣ መሬት የወደቀውን ሞረድ አንስቼ መልሼ መጠቀም አለመጠቀሜን ነው። ያኔ ተናድጄ ነበር። «ጥፍር ልሠራ መጣሁ እንጂ ቀዶ ጥገና ነው እንዴ?» ብዬ ለባሌ በስልክ አማርሬያለሁ።

ፈቃድ ግድግዳ ላይ መሰቀሉ ብቻ እንደማያድንም የሚያሳይ ታሪክ አለ። በአውሮፓውያኑ 2000 ዓ.ም. ካሊፎርኒያ ዋትሰንቪል ከተማ አንድ ሳሎን ውስጥ ፔዲኪውር (የእግር ጥፍር) የተሠሩ ከመቶ በላይ ሴቶች እግራቸው ላይ ወራት የማይድን እባጭ ወጣባቸው። ያመጣው ከሳንባ ነቀርሳ ተሕዋስ ጋር የሚዛመድ፣ ውሃና አፈር ውስጥ የሚኖር ባክቴሪያ ነው። የተገኘውም ውሃ በሚያሽከረክሩት ዘመናዊ የእግር ገንዳዎች ውስጥ ነበር። ውሃው ከሚመለስበት ወንፊት ጀርባ የሰው ፀጉርና የቆዳ ፍቅፋቂ ተከማችቶ ተገኘ፤ ወንፊቱን ከፍቶ ያጠበው የለም። እግራቸውን ተላጭተው የሄዱት ይበልጥ ተጠቁ።

ይህን ለደሴዋ ባለቤት ስነግራት ሰማያዊ ሳፋዋን ገልብጣ አሳየችኝ። «የኔ ሞተር የለው፣ ወንፊት የለው። አፈስሰዋለሁ፣ አጥበዋለሁ፣ አደርቀዋለሁ። የት ይደበቅብኛል?» እውነቷን ነው። አሁን አሜሪካም ብዙ ሳሎን ያንን ባለ ሞተር ገንዳ እየተወ ቧንቧ ወደሌለው እየተመለሰ ነው። አምስት ሺህ ዶላር አውጥቶ ወደ ሳፋ መመለስ!

ስለ ቋንቋው ነገር ሳስብ ቬትናሞቹ ትዝ ይሉኛል። በአውሮፓውያኑ 1975 ካሊፎርኒያ ውስጥ ሳክራሜንቶ አጠገብ በነበረ የስደተኞች መጠለያ ቲፒ ሄድረን የምትባል የፊልም ተዋናይት ቬትናማውያን ሴቶችን ልትረዳ ትመላለስ ነበር። ሴቶቹ የእሷን ጥፍር እያዩ ሲያደንቁ የራሷን ጥፍር ሠሪ ይዛላቸው መጣች፣ ቀጥሎም ሃያ ያህሉን ትምህርት ቤት አስገባቻቸው። ዛሬ አሜሪካ ውስጥ ካለው የጥፍር ባለሙያ ግማሽ ያህሉ ቬትናማዊ ነው፤ ካሊፎርኒያም ፈተናውን በቬትናምኛ ትሰጣለች። ሴትየዋ በቋንቋዋ ተምራ በቋንቋዋ ትፈተናለች ማለት ነው። እኔ መዝገበ ቃላት ታቅፌ የእጅ አጥንት ስም በእንግሊዝኛ ስሸመድድ አጠገቤ የነበረችው ቬትናማዊት መጽሐፏን በቋንቋዋ ታነብ ነበር። ቀናሁባት። የእህቴ ልጅ ደግሞ ደሴ ከተማ፣ ጦሳ ተራራ ሥር ተቀምጣ፣ አማርኛ ለሚናገር ደንበኛ ልትሠራ በእንግሊዝኛ ፎቶ ኮፒ ትማራለች። እኔስ ተሰድጄ ነው።

ጠርሙሱም ሌላ ጣጣ ነው። ሳሎኑ ውስጥ ያለው፣ ጥፍር ላይ የሚቀባው ጄልና አክሬሊክ በሰው ሻንጣ ከዱባይ የመጣ ነው፤ አንዳንዱ ላይ ምን እንዳለበት አልተጻፈም። ጄል ቆዳ ሳይነካ፣ በማድረቂያው መብራት ውስጥም በቂ ጊዜ ቆይቶ መድረቅ አለበት። ሳይበስል የቀረ ጄል ቆዳ ላይ እየተነካካ አለርጂ ያመጣል፣ ያ አለርጂ አንዴ ከያዘ ዕድሜ ልክ ነው፣ ከተመሳሳይ ነገር የሚሠራ የጥርስ ሙሌት ሳይቀር ሊያስቸግር ይችላል። የአውሮፓ ኅብረት ጄሉን የሚያደርቅ ቲፒኦ የሚባል ንጥረ ነገር ከሴፕቴምበር 1 ቀን 2025 ጀምሮ ከጥፍር ምርት አግዷል። እዚያ ከመደርደሪያ የወረደው ጠርሙስ በማን ሻንጣ ወዴት ይሄዳል ብዬ እጠይቃለሁ። እዚያው ሳሎን እያለን መብራት ጠፋ። አንዷ ደንበኛ አራት ጣት ደርቆ ስድስት ጣት እርጥብ ይዛ ቀረች። ሁሉም ሳቀ። ባለቤቷ ግን ያልደረቀውን በአልኮል ጠርጋ አነሳችውና «ነገ ነይ፣ ክፍያ የለብሽም» አለቻት። ይህን ማንም አላስተማራትም፤ ቤይሩት አንዲት ደንበኛ ጣቷ ሲላጥ አይታ ነው።

ስለ እንሶስላ የማውራት ልማድ አለብኝና ታገሱኝ። ሐይቅ የነበረችው አያቴ ለሰርግ ስትዘጋጅ የእንሶስላውን ሥር ትቀጠቅጥና ትጥዳለች፣ ሴቶቹ እጅ እግራቸውን ይሞቃሉ፣ ተጠቅልለው ያድራሉ። ሲነጋ ጥፍሩም መዳፉም ቀይ ነው። ሂናውም እንደዚያው። ወሎ ውስጥ ክርስቲያን ነሽ እስላም ነሽ ብሎ የሚጠይቅ የለም፣ ሁሉም ያምርበታል። ያን ጊዜ ጥፍር ሥር ያለውን ቆዳ የሚቆርጥ ግን አልነበረም። ደም አይወጣም። ኒፐር የመጣ ዕለት ነው ደም የመጣው፤ ዕቃው ቀድሞን ደረሰ፣ የዕቃው ጠባይ ኋላ ቀረ።

ወደ እናትየዋ ልመለስ። እግራቸው ሳፋው ውስጥ እያለ ጎንበስ ብዬ «እማማ፣ ስኳር አለብዎት?» አልኳቸው።

«አልሐምዱሊላህ፣ አለብኝ። ምን ፈልገሽ ነው?»

ሳቅ በሳቅ ሆንን። ከዚያ ግን ለልጅቷ ነገርኳት፦ ስኳር ያለበት ሰው እግሩ ሲቆረጥ ላይሰማው ይችላል፣ ቁስሉም ቶሎ አይድንም፣ ስለዚህ መቁረጫ አይነካቸውም። ማጠብ፣ በጣቶቹ መሐል ደህና አድርጎ ማድረቅ፣ ጥፍሩን በሞረድ ቀጥ አድርጎ መቀነስ ብቻ። አዲስ ሞረድ ከቦርሳዬ አወጣሁላት። እናትየዋ «ያቺኛዋስ ታምር ነበር» ብለው ኒፐሯን በዓይናቸው ተከተሏት።

ማታ ቤት ስንገባ እህቴ ተቆጣችኝ። «ስትሄጂ ትናፍቂናለሽ፣ ስትመጪ ታርሚናለሽ!» አለች። ትክክል ናት፣ ይህ የኛ የዳያስፖራዎች በሽታ ነው፤ እኔም አፌን ልዘጋ ነበር። ያወጣችኝ ሐኪም ቤት የምትሠራ ነርስ የአክስቴ ልጅ ናት። «ምን ያስጨንቃችኋል፣ እኛ በረኪና አይደል እንዴ የምንጠቀመው?» አለች። አንድ እጅ በረኪና ለዘጠኝ እጅ ውሃ፣ 10 ደቂቃ። እኔ ከአሜሪካ ዕቃ የሚነከርበትን ሰማያዊ መድኃኒት በሻንጣ ላምጣላችሁ እያልኩ ሳስብ፣ ነገሩ ከየሱቁ የሚገዛ ሆኖ ተገኘ። ድብልቁ በየቀኑ አዲስ ይሁን፣ ዕቃው መጀመሪያ በሳሙና ይታጠብ፣ ሲወጣ በውሃ ተለቅልቆ ይድረቅ አለበለዚያ ብረቱን ይበላዋል። መብራትም አይፈልግም።

ከአሜሪካው ትምህርቴ እዚህ ያስፈልጋል ብዬ የምሟገትለት ይኸው ነው። የቀረውን 149 ሰዓት ከምናምን እዚያው ይዘውት ይቅሩ። ባለቤቷ የተሟገተችኝ በሌላ ነበር፦ «ደንበኛ 10 ደቂቃ አይጠብቅም፣ ተነስቶ ይሄዳል።» ሒሳብ ሠራን። ሦስት ኒፐር ካለ አንዱ ሲሠራ አንዱ በረኪና ውስጥ ነው፣ አንዱ እየደረቀ ነው። ሁለት ገዛሁላት። እሷም የወጉን አላጣችውም፣ «አንድ ካስክ ብትጨምሪበት» አለች።

ከመሄዴ በፊት ባለው ቅዳሜ ብቅ ብዬ ነበር። ከሃይላንድ ጠርሙስ የተቆረጡ ሁለት ዕቃዎች መስተዋቱ ሥር ተቀምጠዋል። የእህቴ ልጅ በፕላስተር ስም ለጥፋባቸዋለች። አንደኛው ላይ «የታጠበ» ይላል፣ ሁለተኛው ላይ «የተዘፈዘፈ»። ባቄላ፣ ልብስ፣ ጌሾ ሲዘፈዘፍ የኖረበት ቃል ነው፤ እኔ አሥራ አራት ዓመት አላሰብኩትም። ስልኳ ቆጠራ ላይ ነው፣ 6 ደቂቃ ከ40 ይላል። ወንበሩ ላይ ያለችው ደንበኛ ሰርግ አለብኝ ብላ ትነጫነጫለች፣ ከበሩ ሥር ቡና ተጥዷል።

«አብሽሪ የኔ ዓለም» አለቻት ልጅቷ፣ «አቦሉ ሳይቀዳ ይደርስልሻል።»