«ሥራ አጥቶ ነው የገባው»

ባለፈው ክረምት የጎረቤቴን ልጅ ለቅሶ ልደርስ ሄጄ ነበር። ልጁ የተሰዋው ወታደር ቤት በገባ ሁለት ዓመት ሳይሞላው ነው። ዝናብ ስለነበር ለቀስተኛው ሁሉ ጠባቧ ቤት ውስጥ ተጠጋግቶ ተቀምጧል። ከአጠገቤ የነበሩ አንድ የተከበሩ የሰፈራችን አዛውንት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ምን ያድርግ ብለህ ነው፤ ሥራ አጥቶ እኮ ነው የገባው» አሉኝ። ክፋት አልነበረባቸውም፤ ማዘናቸው ነበር። እናቱ ግን ሰምተዋቸው ኖሮ ቀና አሉና ወደ ጣሪያው እያመለከቱ «ይህንን ቆርቆሮ ያስመታው እሱ ነው» አሉ። ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ ከዝናቡ ድምፅ በቀር የሚሰማ ነገር አልነበረም።

ያ አነጋገር እስከ ዛሬ ከአእምሮዬ አልወጣም። ከድሃ ቤት ወጥቶ ወታደር በሆነ ወጣት ላይ ዘወትር ከሁለት አንዱ ፍርድ ይሰጣል፦ ወይ «ለደመወዝ ብሎ ነው» ተብሎ አገር መውደዱ ይጠረጠራል፣ ወይ «ቸግሮት ነው» ተብሎ የራሱ ሐሳብ እንዳልነበረው ይቆጠራል። እናቱን ከሚያፈስ ጣሪያ ለማውጣት መወሰንና አገርን መውደድ በአንድ ሰው ልብ ውስጥ አብረው ሊያድሩ እንደሚችሉ ለመቀበል ለምን እንደሚያስቸግረን አይገባኝም።

ይህ አድልዎ በቋንቋችን ውስጥም አለ። መኳንንቱና ተከታዮቻቸው «ዘመቱ» ይባላል፤ የድሃ ልጅ «ተቀጠረ» ይባላል፤ በደርግ ዘመን ደግሞ እንደ እህል «ታፈሰ» ተባለ። ይሁንና የጥንቱ ዘማችም እጁ ባዶ አልነበረም። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወደ ደቡብ የዘመተው ነፍጠኛ መሬት ተመርቶለታል፣ ገባርም ተሰጥቶታል። «ጋሻ» የሚለው ቃል ራሱ በጦር ሜዳ የሚመከትበትም፣ 40 ሄክታር ገደማ የሚሆነው የመሬት መጠንም ስም ነው። ለአገልግሎት የሚሰጠው መሬት «ማደሪያ» ሲባል እንደ ክብር ታየ እንጂ ባለማደሪያውን «ለሆዱ ዘመተ» ያለው የለም። የወር ደመወዝ ሲሆን ነው ጥቅም ነውር የሚሆነው።

ሕጉ ሁሉንም እኩል ሲጠራ እንኳ ሸክሙ እኩል አልወደቀም። በ1975 ዓ.ም. የወጣው የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ ዕድሜው ከ18 እስከ 30 ዓመት የሆነ ሁሉ 6 ወር ሠልጥኖ 2 ዓመት እንዲያገለግል፣ እስከ 50 ዓመቱም በተጠባባቂነት እንዲቆይ ያዝዝ ነበር። ወረቀቱ ላይ የሀብታምና የድሃ ልጅ የሚል የለም። ነገር ግን የተጠየቀውን ቁጥር የሚሞሉት ቀበሌዎችና የገበሬ ማኅበራት ነበሩና፣ ገንዘብ ወይም ዘመድ ያለው ልጁን ሲያስቀርና ወደ ውጭ ሲያሸሽ ምንም የሌለው የገበሬ ልጅ ኮታውን ሞላ። ያኔ ልጅ ነበርኩ፤ አጎቴ ሦስት ሌሊት ጎተራ ውስጥ ተደብቆ አድሮ በአራተኛው ቀን ጨው ሊገዛ ገበያ እንደወጣ መታፈሱን አስታውሳለሁ። በ1983 ዓ.ም. ሠራዊቱ ሲበተን ከነዚሁ ወታደሮች ብዙዎቹ የለበሱትን የደንብ ልብስ ሳይለውጡ መንገድ ዳር ለልመና ቆመዋል። አገር ለወታደሯ ያለባትን ዕዳ ስናነሳ ያንን ሁኔታ መርሳት የለብንም።

ወታደርን ከአገሩ የሚለየው ለእንጀራ ብሎ መግባቱ ነው የሚሉ ካሉ ጥር 1966 ዓ.ም. በነገሌ ቦረና የሆነውን ያስታውሱ። እዚያ የሰፈሩት ተራ ወታደሮች የውሃ መሳቢያቸው ቢበላሽ መኮንኖቹ ከራሳቸው ጉድጓድ እንዳይቀዱ ከለከሏቸው። ወታደሮቹ አመፁ፤ ነገሩን ሊያጣሩ የመጡትን የምድር ጦር አዛዥ ይዘው እነሱ የሚበሉትን አበሏቸው፣ የሚጠጡትን ውሃም አጠጧቸው። አመፁ ወደ ሌሎች የጦር ሰፈሮች ተዛመተ፤ ዓመቱ ሳይዞርም ዘውዱ ወደቀ። ያስመረራቸው ደመወዛቸው ማነሱ ብቻ አልነበረም፤ በአንድ ሰንደቅ ዓላማ ሥር እየኖሩ ለጥማቸው እንኳ እኩል አለመቆጠራቸው ነው።

አንድ ነገር ግን አብሮ መነገር አለበት። ድህነት ወደ ጦር ቤት ለመግባት በቂና የተከበረ ምክንያት ነው፤ መሣሪያ ባልያዘ ሰው ላይ ለሚፈጸም በደል ግን ምክንያት ሊሆን አይችልም። ለወታደሩ የማስበው እንደ ሙሉ ሰው ቆጥሬው ከሆነ ይህንንም ኃላፊነት ልነሳው አልችልም።

ዛሬ ምልመላው በፈቃደኝነት ነው ይባላል። ማስታወቂያው ዕድሜን፣ ቁመትን፣ ጤንነትን፣ የትምህርት ደረጃን ይዘረዝራል፤ ማስታወቂያው ፊት ቆሞ የሚያነበው ወጣት ሌላ ምን አማራጭ እንዳለው ግን የሚጠይቅ የለም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 87 ሠራዊቱ የብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ሚዛናዊ ተዋጽኦ እንዲኖረው ያዝዛል። ይህን ያህል ስለ ሚዛን ያሰበች አገር የወታደሮቿ ወላጆች ምን ሠርተው እንደሚያድሩም ቆጥራ በየዓመቱ ለምክር ቤቱ ብታቀርብ ተገቢ ነው። ጦርነትን ለማወጅም ሆነ ለማራዘም እጅ የሚያወጣ ሰው ያንን ቁጥር ከፊቱ አድርጎ ቢሆን የሚወስነው ውሳኔ ይለወጣል ብዬ አምናለሁ።

ለእኔም ሁለት ወንዶች ልጆች አሉኝ። ሁለቱም ከሟቹ ጋር በአንድ ሜዳ ኳስ ሲጫወቱ ያደጉ ናቸው፤ አንዱ ዩኒቨርሲቲ ነው፣ ሌላው የባንክ ሠራተኛ። ለምን ወታደር ቤት እንዳልገቡ እስከ ዛሬ የጠየቀኝ ሰው የለም፤ የዚያን ዕለት እናቱን አጽናንቼ ስወጣም የጠየቀኝ አልነበረም።