ምጣዱን ነቅያለሁ ወይ? «አታስቢ» ስለማይፈውሰው አባዜ

ባለፈው ሳምንት ከየካ አባዶ ወደ መገናኛ በሚሄድ ታክሲ ውስጥ ሬዲዮ ተከፍቶ ነበር። አንድ «አማካሪ» ስለሚደጋገም ሐሳብ ተጠየቀ። «መጥፎ ሐሳብ ሲመጣባችሁ በቃ አታስቡት፤ አእምሯችሁን እናንተ እዘዙት» ብሎ አረፈው። ሾፌሩ ራሱን ነቀነቀ። እኔ የኋላ ወንበር ጥግ ላይ ተጣብቄ ሳቄን ያዝኩ። ሳቅም አይደል፣ ንዴት ነው መሰለኝ። ምክንያቱም በዚችው መንገድ ላይ ስንትና ስንት ጠዋት «ወራጅ አለ!» ብዬ ግማሽ ላይ ወርጄ፣ አስፋልቱን ተሻግሬ፣ ሌላ ታክሲ ተጋፍቼ ወደ ቤቴ የተመለስኩ ሰው ነኝ። ለምን? ምጣዱን መንቀሌን ለማየት።

አዎ፣ የእንጀራ ምጣድ። አራተኛ ፎቅ ነው የምኖረው። ደረጃውን እየሮጥኩ እወጣለሁ፣ ምጣዱ ተነቅሎ አገኘዋለሁ። አንድም ቀን ተሰክቶ አላገኘሁትም፤ ይህን እያወቅሁ ነው የምመለሰው። መብራት የጠፋ ቀንማ ታርፋለች ትሉ ይሆናል። እንዲያውም ይብስብኛል! መብራት የለም ብዬ ሳልነቅለው ብወጣስ? እኔ መሥሪያ ቤት ሳለሁ መብራት ቢመጣስ? ምጣዱ ግሎ መጋረጃውን ቢይዘው፣ ከዚያ ጎረቤት፣ ከዚያ የጎረቤት ልጆች፣ ከዚያ ሕንፃው በሙሉ... አእምሮ እንዲህ ላለው ነገር ሲሆን ደራሲ ነው።

ኋላ ላይ ብልሃት ያገኘሁ መሰለኝ። ከቤት ከመውጣቴ በፊት የሶኬቱን ፎቶ በስልኬ ማንሳት ጀመርኩ። ታክሲ ውስጥ ስጨነቅ ፎቶውን አያለሁ። ለሁለት ሳምንት ሠራ። ከዚያ «ይሄ የትናንቱ ፎቶ ቢሆንስ?» መጣ። ሰዓቱን አያለሁ። «ካነሳሁ በኋላ መልሼ ሰክቼው ቢሆንስ?» አለ ቀጥሎ። ሁለት ፎቶ፣ ሦስት ፎቶ፣ አንዴ ከቀኝ፣ አንዴ ከግራ።

ሐኪሞች ኦሲዲ ይሉታል። እኛ አባዜ የሚል ጥሩ ቃል አለን፤ ሙስሊም ጎረቤቶቼ ደግሞ ወስዋስ ይላሉ። ነገሩ ሁለት እግር አለው። አንዱ ሳይጠራ የሚመጣው ሐሳብ ነው። ሁለተኛው ሐሳቡ ያመጣውን ጭንቀት ለማብረድ የምናደርገው ነገር ነው፦ መመለስ፣ መታጠብ፣ መቁጠር፣ መጠየቅ፣ በልብ ጸሎት መደጋገም። ብዙ ሰው በሽታው ሐሳቡ ይመስለዋል። አይደለም። እሳቱን የሚያቀጣጥለው ሁለተኛው ነው። ባየሁ ቁጥር ለአምስት ደቂቃ እፎይ እላለሁ፣ አእምሮዬ ደግሞ «አየሽ፣ የተረፍሽው ስላየሽ ነው» ብሎ ይመዘግባል። ነገ ጨምሮ ይጠይቃል።

ሐሳቡማ የሁሉም ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 ራክማንና ዴ ሲልቫ የተባሉ ተመራማሪዎች ምንም የአእምሮ ሕመም የሌለባቸውን ሰዎች ሲጠይቁ፣ ከአሥሩ ስምንቱ ገደማ እንዲህ ያለ ያልተጠራ አስቀያሚ ሐሳብ እንደሚመጣባቸው ተናገሩ። ሕፃኗን ታቅፋ በረንዳ ላይ የቆመች እናት «ብጥላትስ?» የሚል ሐሳብ ብልጭ ሊልባት ይችላል። አብዛኛዋ እናት «ኧረ በስመ አብ» ብላ ታልፈዋለች። አባዜ ያለባት ግን «እንዲህ ያሰብኩት ክፉ ብሆን ነው» ትልና በረንዳውን ትቆልፋለች፣ ቢላዋ ትደብቃለች፣ ልጇን ማጠብ ለእህቷ ትሰጣለች። በጣም ስለምትወዳት ነው እኮ የደነገጠችው! ይህን የሚነግራት ሰው አጥታ ዓመታት በድብቅ የምትሰቃይ እናት ስንት እንደሆነች ሳስብ ያመኛል።

ስለዚህ «አታስቢ» ምክር አይደለም። ዳንኤል ዌግነር የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ምሁር እ.ኤ.አ. በ1987 ባሳተመው ሙከራ ተማሪዎችን ስለ ነጭ ድብ እንዳያስቡ አዘዛቸው፤ ድቡ ግን ከአእምሯቸው አልወጣ አለ። እኛ ድብ የለንም። እስቲ ዛሬ ማታ ከጣፎ በኩል ስለሚጮኸው ጅብ ላለማሰብ ሞክሩ።

ከ«አታስቢ» የባሰው ግን ደግነት ነው። ባለቤቴ፣ እግዜር ይስጠው፣ በቀን አምስቴ እየደወልኩ «ነቅዬዋለሁ አይደል?» ስለው አምስቴም «ነቅለሽዋል የኔ ቆንጆ» ይለኝ ነበር። እንደ ፎቶው ነው፤ ያበርዳል፣ ተመልሶ ይመጣል። አንዲት የማውቃት ልጅ ደግሞ ቅዳሴ ላይ ቆማ የስድብ ሐሳብ ይመጣባታል። የነፍስ አባቷ ጋ ሮጣ ትናዘዛለች። ይፈቷታል። እቤት ስትደርስ «በትክክል አልተናዘዝኩ ይሆን?» ትልና ስልክ ትደውላለች። አባ ትዕግሥተኛ ናቸው፣ ሁሌም ያነሳሉ። ትዕግሥታቸው ግን ልጅቷን አላዳናትም።

በተቃራኒው የአንዲት ጎረቤቴን ጉዳይ ልንገራችሁ። እኛ ሰፈር ውኃ በፈረቃ ነው፣ ቀሪውን ቀን በጀሪካን ነው የምንኖረው። ይቺ ሴት ለአንድ ውዱእ አንድ ጀሪካን ትጨርስ ነበር፤ ክንዷን ታጥባ «ደርሷል፣ አልደረሰም» እያለች እንደገና ከመጀመሪያው። ልጆቿ ለሻይ ውኃ ያጡ ነበር። ኡስታዙ ጋ ስትሄድ፣ አንድ አካል ከሦስት ጊዜ በላይ እንደማይታጠብ፣ እርግጠኛ የሆነ ነገር በጥርጣሬ እንደማይሻር፣ ወስዋስ ያለበት ሰው ጥርጣሬውን ትቶ ሶላቱን መቀጠል እንዳለበት ነገሯት። ስትደውል መልሰው አላረጋገጡላትም። «ነግሬሻለሁ» ብቻ አሏት። ይሄ ሐኪሞቹ ከሚሰጡት ሕክምና ጋር ምን ያህል እንደሚመሳሰል ኡስታዙም አያውቁት ይሆናል።

ሕክምናው በእንግሊዝኛው ምሕጻር ኢአርፒ ይባላል። በአማርኛ መጋፈጥና ምላሹን መከልከል ብንለው ያስኬዳል። ሥሩ ለንደን ነው፤ ቪክቶር ሜየር የተባለ የሥነ ልቦና ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1966 ሁለት ታካሚዎችን የሚፈሩትን እንዲነኩ አድርጎ፣ ቀጥሎ ግን እንዳይታጠቡና ልማዳቸውን እንዳይፈጽሙ በመከልከል ሞከረው። ያኔ ይህ በሽታ አይድንም ነበር የሚባለው። እስከ ዛሬም ከንግግር ሕክምናዎች ለኦሲዲ ቀዳሚው እሱ ነው፤ በአግባቡ ከጨረሱት ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ጉልህ ለውጥ ያያሉ።

እኔ ላይ እንዴት ተደረገ? ምጣዱን አንዴ ነቅዬ፣ ሳልዞር፣ ፎቶ ሳላነሳ፣ በር ቆልፌ መውጣት። በሩን ሁለቴ መግፋት ክልክል። መደወል ክልክል። ባለቤቴም «ይሄን አልመልስም ተባብለናል» እንዲለኝ ተነገረው (የመጀመሪያ ቀን ስልኩን ዘጋሁበት)። እና ታክሲ ውስጥ ሐሳቡ ሲመጣ እንዳልከራከረው፣ «ተነቅሏል» ብዬም እንዳላባብለው፣ «ምናልባት ተሰክቶ ይሆናል፣ ምናልባት አይደለም» ብዬ እንድተወው። በል እንግዲህ! ያን ጠዋት እጄ ላበው፣ ልቤ ጆሮዬ ላይ መታ፣ መገናኛ እስክደርስ አሥር ጊዜ ልወርድ ነበር። እኩለ ቀን ገደማ ግን ረግቧል። ማንም አላባበለኝ፣ ምንም አላየሁ፣ ራሱ ረገበ። አንድ ሰው ይህን አንዴ በገዛ ሰውነቱ ካየ፣ ከመቶ ምክር ይበልጥበታል። ቀላል ነው አልልም፤ ሳምንታት ፈጀ፣ ወደ ኋላም ተመልሼ ነበር።

አሁን ወደ መድኃኒቱ። ሐኪም አይደለሁም፣ የታዘዘልኝንና የጠየቅሁትን ነው የምነግራችሁ። ለኦሲዲ የሚታዘዙት በአብዛኛው ፍሉኦክሴቲን፣ ሰርትራሊንና የመሳሰሉት ናቸው፤ ከቆዩት ደግሞ ክሎሚፕራሚን። ሰው ሁሉ የሚሳሳተው ጊዜው ላይ ነው። ለዚህ ሕመም ሙሉ ውጤቱን ለማየት ከ8 እስከ 12 ሳምንት ይፈጃል፤ መጠኑም ብዙ ጊዜ ከድባቴ ሕክምና ከፍ ይላል። ለድባቴ በቀን 20 ሚሊግራም ፍሉኦክሴቲን ሊበቃ ይችላል፣ ለኦሲዲ ግን ሐኪሙ ቀስ በቀስ ወደ 60፣ አንዳንዴም 80 ሊያደርሰው ይችላል። በሦስተኛው ሳምንት «አልሠራልኝም» ብሎ የወረወረ ሰው ሕክምናውን ገና አልሞከረውም። መጀመሪያ ላይ ማቅለሽለሽ፣ እንቅልፍ ማጣት፣ የወሲብ ፍላጎት መቀነስ ሊኖር ይችላል፤ ወጣቶች ላይ ራስን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣ ወዲያው ለሐኪም መንገር ያስፈልጋል። ተሻለኝ ብሎ በአንዴ ማቋረጥም ጥሩ አይደለም።

እኔ መጀመሪያ የሄድኩበት የግል ክሊኒክ ግን አምስት ደቂቃ እንኳ አላናገሩኝም። የቪታሚን መርፌና የእንቅልፍ ክኒን። እንደ ዳያዜፓም ያሉት ያስተኛሉ፣ ያደነዝዛሉ፣ ሱስ ይሆናሉ፣ አባዜውን ግን አይነኩትም። እንቅልፍ ወስዶኝ ስነቃ ምጣዱ እዚያው ይጠብቀኛል።

ምንም ድርጊት የሌለው፣ ዝም ብሎ መብሰልሰልም አለ። ከኮንዶሚኒየማችን ጀርባ ገና ያልተሠራበት ሜዳ ላይ ላሞች ተኝተው ሲያመሰኩ አያለሁ። ላሟ ያመሰኳችውን ትውጠዋለች፣ ወተትም ይሆናል። እኛ ግን አለቃችን ከሦስት ዓመት በፊት የተናገረንን ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ መልሰን እናኝካለን። ለዚህ ዓይነቱ ባለሙያዎች «ለምን» የሚለውን ጥያቄ ማስጣል ይወዳሉ። «ለምን እንዲህ አለኝ? ለምን እንዲህ ነኝ?» መልስ የለውም፣ ያዞራል። «ነገ ጠዋት ምን አደርጋለሁ?» ግን መልስ አለው። ለመብሰልሰል በቀን 20 ደቂቃ ቀጠሮ መስጠት፣ ከዚያ ውጭ ሲመጣ «በ11 ሰዓት እንገናኝ» ማለትም ይረዳል። ያስቃል፣ ግን ሞክሩት። ከአልጋ ተነስቶ አንድ ነገር በእጅ መሥራትም እንዲሁ።

ጸበሉስ? እናቴ እንጦጦ ወስዳኛለች፣ ደስ ብሎኝ ነው የሄድኩት፣ አሁንም እሄዳለሁ። ጸብ የለኝም። የምቃወመው «ክኒኑን ጣዪውና ተጠመቂ» የሚለውን ብቻ ነው። በኤችአይቪ ጊዜ ይህ ክርክር ብዙ ሰው በልቷል፤ በኋላ ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ ራሳቸው መድኃኒቱና ጸበሉ አብረው እንደሚሄዱ ተናግረዋል። ለአእምሮ ሕመም ሲሆን ለምን ይለያል?

አሁን የምጨቃጨቅበት ጉዳይ ይኸው፦ መንገዱ። ከአባዶ፣ ከቱሉ ዲምቱ፣ ከኮዬ ፈጬ አማኑኤል ሆስፒታል ድረስ ለመሄድ ግማሽ ቀን ነው፤ ለወረፋው ሌላ ግማሽ። በዚያ ላይ «አማኑኤል ታየች» ከተባለ ስሙ ብቻ ሰፈር ያምሳል። ኢአርፒ ደግሞ በየሳምንቱ ለወራት መመላለስ ይፈልጋል። የቀን ሠራተኛ ይህን እንዴት ያደርጋል? ኖርዌይ፣ በርገን ከተማ ሕክምናውን በተከታታይ አራት ቀን ጠቅልለው የሚሰጡበት ዘዴ አለ፤ ለሩቅ ሰፈር ሰው ምን ያህል በተመቸ! ችግሩ ለእያንዳንዱ ታካሚ አንድ ባለሙያ ይፈልጋል። ያ እኛ ጋ ሕልም ነው።

ሕልም ያልሆነው ግን ጤና ጣቢያው ነው። ኢትዮጵያ የዓለም ጤና ድርጅት የአእምሮ ሕክምናን ወደ ጤና ጣቢያ ለማውረድ የነደፈውን መርሐ ግብር ከተቀበሉት ቀዳሚ አገሮች አንዷ ናት። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው የዚህ መርሐ ግብር መመሪያ ግን ለድባቴ፣ ለሚጥል በሽታ፣ ለሱስ ምዕራፍ ሲኖረው ለኦሲዲ የለውም። ስለዚህ ጤና ጣቢያ ያለችው ነርስ ብትሠለጥንም ይህን ላትሠለጥን ትችላለች። መጠየቅ ያለብን ይህን ነው። ኢአርፒ ማሽን አይፈልግም፣ ላቦራቶሪ አይፈልግም። አንድ የሠለጠነች ነርስ፣ ወንበር፣ በሳምንት 45 ደቂቃ፤ ከባድ ሲሆን ወደ ሳይካትሪስት መላክ። በየደረጃችን እየወጡ ቤት ለቤት የሚዞሩት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችም ቢያንስ «ይህ እብደት አይደለም፣ ሕክምና አለው» ማለት ይችላሉ።

እስከዚያው በእኛ በኩል ኤካ ኮተቤ አለ። ብዙ ሰው በኮቪድ ጊዜ ነው የሚያውቀው፣ የአእምሮ ሕክምናም ይሰጣል። ቅዱስ ጳውሎስና ዘውዲቱም የአእምሮ ሕክምና ክፍል አላቸው። ስትሄዱ በቀን ስንት ጊዜ፣ ስንት ሰዓት እንደሚወስድባችሁ ጽፋችሁ ሂዱ። ሐኪም ፊት ሲቀመጡ ማፈር አለ። እኔ የመጀመሪያ ቀን «ትንሽ እጨነቃለሁ» ብዬ ነው የወጣሁት። በሁለተኛው ቀጠሮ ግን ስልኬን አውጥቼ የሶኬቱን ፎቶዎች አሳየኋት። ሐኪሟ በጣቷ ወደ ታች እያወረደች ቆየች፣ አላለቀም።

«ስንት ናቸው?» አለችኝ።

ቆጥሬያቸው ነበር። 412።