ኪኒኑን ያስጣልነው እኛ ነን

ወገኖቼ፣ ዛሬ ላስቀይማችሁ ነው። ሰው ቀብረን በተመለስን ቁጥር "ቀኑ ደርሶ ነው" እንላለን። የጎረቤቴ ቀን ግን አልደረሰም ነበር። እኛ አደረስነው።

የከባድ መኪና ሹፌር ነበር። ዕድሜውን በጅቡቲ መንገድ የጨረሰ። ኮሌስትሮል የወፍራም ሰው በሽታ ነው ለምትሉ፣ እሱ ያለ ቀበቶ ሱሪው የማይቆምለት ቀጭን ሰው ነበር። ገና በ52 ዓመቱ፣ ከገና በኋላ፣ አንድ ሌሊት ደረቱን ጨምድዶ ያዘው። ዕድሜ ለሚስቱ፣ በሌሊት ሆስፒታል አደረሰችው። የተዘጋውን የልብ ደም ስር ስቴንት በሚባል ትንሽ የሽቦ ቱቦ ከፈቱለት። ሲወጣ ከሌሎች መድኃኒቶች ጋር አቶርቫስታቲን የሚባል የኮሌስትሮል ኪኒን ታዘዘለት፤ በየቀኑ፣ ሳያቋርጥ። ያኔ ደም ስር የሚደፍነው፣ መጥፎው ኮሌስትሮል የሚባለው ኤልዲኤሉ 190 አልፎ ነበር። ልቡን አንዴ ለታመመ ሰው ሐኪሞች ቢያንስ ከ70 በታች እንዲወርድ ይፈልጋሉ።

ሰውዬው የተባለውን አደረገ። ሲጋራውን ጣለ። ጠዋት ጠዋት የአጃ ገንፎ፣ ማታ ማታ የእግር መንገድ። ሁዳዴም ገባና ቅቤና ሥጋ ከቤቱ ወጡ። ጾሙ ሊፈታ ሲል ተመረመረ፤ 68። ወረቀቱን ይዞ እንደ ተማሪ ሰርተፍኬት ለሰፈሩ ሁሉ አሳየ።

ከዚያ ፋሲካ መጣ። የቅርጫው በሬ እነሱ ግቢ ታረደ። ከኛ መሃል አንድ በዕድር የሚከበር፣ ሲናገር የሚደመጥ ሰው አለ። ወረቀቱን ተቀብሎ አየና፣ "ድነሃል እኮ! ለዳነ ሰው ኪኒን ምን ያደርጋል? ጉበትህን ነው የሚጨርሰው፣ የፈረንጅ ኬሚካል" አለው። ቀጥሎ የራሱን ሐኪምነት ጀመረ። ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብልና ሎሚ አፍልቶ ማጥለል፤ በባዶ ሆድ አንድ ስኒ። ደም ስር ያጥባል አለ። ቴሌግራም ላይ ነው ያየው። ይህን እያለ ክትፎውን ጠቅልሎ "በሞቴ፣ አፈር ስሆን!" ብሎ አጎረሰው። ተሳሳቅን።

በአንድ ጉርሻ የሚሞት የለም። እሱንም ጉርሻው አልገደለውም። በማግስቱ ግን ኪኒኑን አቆመ። ሚስቱ ለመነችው፣ አለቀሰች። "ድኛለሁ፣ ወረቀቱን አላየሽም?" አላት። ክረምቱን ሙሉ ሽንኩርቱን ጠጣ። በነሐሴ፣ አንድ ንጋት ላይ፣ ከአልጋው ሳይነሳ ቀረ።

እስከዚህ ድረስ እንኳ አለማወቅ ነው ብዬ ልለፈው እችል ነበር። ይቅር የማልለው ከዚያ በኋላ ያለውን ነው። በሦስተኛው ቀን፣ ድንኳኑ ውስጥ፣ ያው ሰውዬ ከሟች ታናሽ ወንድም አጠገብ ተቀምጧል። ወንድምየው "እኔም ኮሌስትሮል አለብህ ብለውኛል፣ ፈርቻለሁ" ሲለው ሰማሁ። ምን ብሎ መለሰለት? "አትፍራ፣ ነጭ ሽንኩርትና ሎሚ አፍላ።" የመቃብሩ አፈር ሳይደርቅ! አጠገባቸው ስምንት ዘጠኝ ሰው ነበርን። ማናችንም ተው አላልነውም። ትልቅ ሰው ነው፣ ለቅሶ ቤት ነው፣ ነውር ነው። ይሉኝታችን ሁለተኛውንም ወንድም ሊቀብር ተዘጋጅቶ ነበር።

እስቲ ስሙኝ። 68 የሆነው መድኃኒቱ ስለነበረ ነው። ኮሌስትሮልን አብዛኛውን የሚሠራው የራሳችን ጉበት ነው። እንደ አቶርቫስታቲን ያሉት፣ ስታቲን የሚባሉት መድኃኒቶች ጉበት ኮሌስትሮል የሚያመርትበትን መንገድ ይይዙታል። ጉበትም የጎደለውን ለመሙላት ኤልዲኤልን ከደም ውስጥ ይለቅማል። ኪኒኑ ሲቆም ለቀማውም ይቀንሳል፤ በሳምንታት ውስጥ ቁጥሩ ወደ ነበረበት ይመለሳል። ሲመለስ አያምም፣ አያሳክክም፣ አይታወቅም። ኪኒኑ ጉበትን ክፉኛ የሚጎዳው በጣም ጥቂት ሰው ላይ ነው። ጡንቻዬን አመመኝ የሚል ሰው ደግሞ ለሐኪሙ ይንገር፤ መጠኑ ይቀነሳል፣ ዓይነቱ ይቀየራል።

"ኬሚካል" ለምትሉትም አንድ ነገር ልንገራችሁ። የመጀመሪያውን ስታቲን በ1973 እ.ኤ.አ. ያገኘው ጃፓናዊው አኪራ ኤንዶ ነው። ከምን እንዳገኘው ታውቃላችሁ? ከሻጋታ። በሺዎች የሚቆጠሩ ሻጋታዎችንና መሰል ተሕዋስያንን ሲመረምር ከርሞ። የተፈጥሮ ካላችሁ የስታቲንም መነሻው የተፈጥሮ ነው፤ ልዩነቱ ተለክቶና ተፈትኖ መምጣቱ ነው። ነጭ ሽንኩርት ጥሩ ነው፣ ወጥ ውስጥ ጨምሩት። የታመመ ልብ ግን አደራ አትስጡት።

የሚያናድደኝ፣ ምግቡን በተመለከተ ከማንም የተሻለ ነገር በእጃችን መኖሩ ነው። ምስር፣ ሽምብራ፣ ባቄላ፣ አጃ፣ ተልባ፣ ጎመን። በውስጣቸው ያለው አሰር (ፋይበር) ኮሌስትሮልን አንጀት ውስጥ ይዞ እንዲወጣ ያግዛል። እኛ ግን ሽሮውን በሚረጋው ዘይት እናጥለቀልቀዋለን። ጀሪካኑ ላይ "ከኮሌስትሮል ነፃ" ይላል። እውነት ነው፣ ዘይት ከእጽዋት እስከተጨመቀ ድረስ ነፃ ነው። ግን የፓልም ዘይት ግማሽ ያህሉ የሚረጋ ስብ ነው፤ ያ ስብ ነው ጉበት ኤልዲኤልን እንዳይለቅም የሚያደርገው። ሱፍና ኑግ ይሻላሉ። ውድ መሆናቸውን አውቃለሁ። ብር አጥቶ መድኃኒቱን ያቋረጠንም፣ ፋርማሲ ለፋርማሲ ዞሮ ያጣንም አልወቅስም። ለሱማ ልቤ ያዝናል። የምወቅሰው ኪኒኑ መሳቢያው ውስጥ እያለ የሚያስጥለውን ነው።

ሌላም የማንነግረው ነገር አለ። በአንዳንድ ቤተሰብ ይህ ነገር በዘር ይወርዳል። ከ250 ሰው አንዱ ገደማ ከልጅነቱ ጀምሮ ኤልዲኤሉ ከፍ ያለ ሆኖ ይወለዳል። ኤልዲኤሉ 190 ያለፈ ሰው ካለ ወንድሙ፣ እህቱ፣ ልጆቹ መመርመር አለባቸው። አብዛኛውን ጊዜ ለምርመራው መጾም እንኳ አያስፈልግም፤ አንድ ብልቃጥ ደም ነው። እኛ በዚያ ድንኳን ስለ ዕድር መዋጮ አወራን እንጂ ይህን ለማንም አልተናገርንም።

ተቆጥቼ ተቆጥቼ ደከመኝ። እባካችሁ፣ ሰው መድኃኒት ታዞልኛል ሲላችሁ "ይማርህ" በሉትና ዝም በሉ። ዝምታ አቅቷችሁ ከሆነ "ዋጥከው ወይ?" ብላችሁ ጠይቁት።

ታናሽ ወንድሙ አሁን ኪኒኑን ጀምሯል። የሟች ሚስት ናት እጁን ይዛ ሐኪም ቤት የወሰደችው፤ ከኛ ከወንዶቹ አንድም አልሄደም። የበኩር ልጇ ግን እስካሁን አልተመረመረም። 22 ዓመቱ ነው፣ ጤነኛ ነኝ ይላል። ሰሞኑን ስትጨቀጭቀው "ከፈተና በኋላ እሄዳለሁ" ብሏታል። እንግዲህ ፈተናው እስኪያልቅ እንጠብቃለን።