ላይብረሪያኗ ከተማሪዎቹ ጋር አብራ ትማር ወይስ መጀመሪያ ሰልጥና ትምጣ?

ክርክሩ የትምህርት ቤት ላይብረሪ ላይ ነው። ኮምፒውተር ገብቷል፣ ተማሪው ይፈልጋል፣ ላይብረሪያኗ ግን ብዙውን ነገር ገና እየለመደችው ነው። አብራ ትልመድ የምትለው አራት ኪሎ አካባቢ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የምትሰራ ላይብረሪያን ናት፣ የሚቃወሟት ደሞ ፒያሳ በኩል አማርኛ የሚያስተምሩ መምህር ናቸው።

ላይብረሪያኗ፦ እኔ መጠበቅ አይቻልም ነው የምለው፣ ተማሪው እኮ አልጠበቀንም። አዲሱ ስርዓተ ትምህርት ሲመጣ የታተመው መጽሐፍ እጁ ሳይገባ ፒዲኤፉ በቴሌግራም ደርሶታል። የ12ኛ ክፍል ፈተና ራሱ በ2016 ለተወሰኑ ተማሪዎች በኦንላይን መሰጠት ጀምሯል፣ ታዲያ ኪቦርድ ነክቶ የማያውቅ ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ ማውዝ የሚይዘው ፈተና ላይ ይሁን? እኛ ጋ እኔ የማውቀው አለ እነሱ የሚያውቁት አለ። የመጽሐፍ መዝገባችንን ከደብተር ወደ ኤክሴል ስንገለብጥ አንዷ ልጅ "ስነ ጽሁፍ" ብላ ፈለገች፣ ምንም አልመጣም፣ መጽሐፎቹ ግን ከኋላዋ መደርደሪያው ላይ ናቸው። ለካ ሽፋኑ ላይ ያለው "ሥነ ጽሑፍ" ነው፣ ለኮምፒውተሩ ደሞ ሰ እና ሠ፣ ሀ እና ሐ የየራሳቸው ኮድ ያላቸው የተለያዩ ፊደሎች ናቸው፣ ድምጻቸው አንድ መሆኑን በምን ያውቃል። እኔ የትኞቹ ፊደሎች እንደሚምታቱ አንድ በአንድ ነገርኳቸው፣ አንዱ ልጅ ጎን ላይ ሌላ ኮለም (አምድ) ከፍቶ ርዕሱን ሁሉ በሀ፣ በሰ፣ በአ እና በጸ ብቻ የሚገለብጥ ፎርሙላ ሰራ። አሁን ፍለጋው በዛ ኮለም ነው፣ በየትኛው ፊደል መጻፍ እንዳለባቸው የሚናገር ወረቀት ስክሪኑ አጠገብ ለጥፈናል። ይሄን ነገር የትኛው ስልጠና ላይ ነበር የሚነግሩኝ?

መምህሩ፦ እህቴ፣ ያልሽው ጥሩ ስራ ነው፣ ግን አንዱ ልጅ ፎርሙላ ሰራ ስትይ እኔ የምጠይቀው ሌሎቹ ምን ይሰሩ ነበር ብዬ ነው። ክፍል ውስጥ በየቀኑ አየዋለሁ። ቤቱ ላፕቶፕ ያለው ልጅ ማውዙን ይቀማል፣ የሌለው ከኋላ ቆሞ ያያል፣ አስተማሪው ራሱ እየተማረ ከሆነ ደሞ ሳያውቀው የሚያውቀውን ልጅ ይከተላል እንጂ የቆመውን አያይም። አብሮ መማር የምንለው ነገር ቀድሞ ያገኘውን ልጅ ይበልጥ የሚያስቀድም ነው የሚሆነው፣ እኔን የሚያንገበግበኝ እሱ ነው።

ሁለተኛ፣ አንቺ ራስሽ ካልገባሽ ነገር ልትጠብቂያቸው አትችይም። ልጆቹ ልብ ወለድ በፒዲኤፍ እየጫኑ ሲለዋወጡ ደራሲው ምን እንደሚያጣ ማን ይንገራቸው? የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410 ከ1996 ጀምሮ አለ፣ ላይብረሪ ውስጥ ካልተነገረ የት ሊነገር ነው። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅም በ2016 ወጥቷል፣ 1321 ነው ቁጥሩ፣ ልጁ ግን ቴሌግራም ላይ መጽሐፍ አወርድልሃለሁ ላለው ቦት (በራሱ የሚመልስ ፕሮግራም) ሁሉ ስልክ ቁጥሩን እየሰጠ ነው። ባለፈው አንድ ተማሪ ቻትጂፒቲ ጠይቆ አንድ የታወቀ ገጣሚ ያልጻፈውን ግጥም በስሙ አድርጎ አመጣልኝ፣ እሱ እውነት መስሎት ነው፣ ልጁን አልፈርድበትም። ያንን የሚያስቆም ሰው እኮ ቀድሞ ማወቅ አለበት። ወመዘክር፣ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱ፣ ከ1936 ጀምሮ ያለ ተቋም ነው፣ አብርሆት ቤተ መጻሕፍትም በ2014 ተከፍቶ እዚሁ አፍንጫሽ ስር ነው ያለው፣ እዛ ሙያውን የሚያውቁ ሰዎች አሉ፣ ትምህርት ቤቱ በስራ ሰዓትሽ ይላክሽና ተምረሽ ነይ።

ላይብረሪያኗ፦ ጋሼ፣ የማውዙ ነገር ልክ ብለዋል፣ እኔም ጋ ነበር። ግን መፍትሄው እኔ እስክሰለጥን ኮምፒውተሩን መቆለፍ አይደለም፣ ማን ወንበሩ ላይ እንደሚቀመጥ መወሰን ነው። እኛ ጋ ቤቱ ኮምፒውተር የሌለው ነው የሚቀመጠው፣ የሚያውቀው ልጅ ከጎኑ ቆሞ በአፉ ብቻ ይነግራል፣ እጁን ኪቦርድ ላይ ካሳረፈ ተራው ያልፋል። መጀመሪያ ይናደዳሉ፣ ፊደሉን እስኪያገኘው መጠበቅ ያቅታቸዋል፣ ኋላ ግን ማስረዳት ይለምዳሉ፣ ማስረዳት ደሞ ከመጫን በላይ ከባድ ነው።

ስለ ግጥሙ ግን በጣም ነው የምቃወምዎት። ያንን ለመያዝ የሚያስፈልገው የኮምፒውተር ሰርተፊኬት አይደለም። ግጥሙ በየትኛው መድበል ነው፣ በስንት አመተ ምህረት ታተመ፣ ገጹን አሳየኝ ማለት ነው፣ ይሄ ደሞ የላይብረሪያን የድሮ ስራ ነው፣ በካርድ ካታሎግ ዘመንም ይሄው ነበር። ማሽኑን ባላውቀውም መጽሐፍ አለመኖሩን ማጣራት አውቃለሁ፣ ልጆቹ ከእኔ የሚወስዱት እሱን ነው።

ስልጠናውን አልጠላሁትም፣ ቢልኩኝ ዛሬ እሄዳለሁ። ችግሩ ስልጠና የሚሰጠው ኔትወርክ ባለበት ክፍል ነው፣ እኛ ጋ ኔትወርኩ ይቆራረጣል መብራቱም ይጠፋል። ለዛ ነው ኪዊክስ የሚባል ፕሮግራም የጫንነው፣ በነጻ ነው፣ አንዴ ካወረዱት ዊኪፒዲያን ያለ ኢንተርኔት ያነባል። እዛ ላይ ሌላ ነገር አዩ፣ የእንግሊዝኛው ከ6 ሚሊዮን በላይ ጽሁፍ ሲኖረው የአማርኛው ወደ 15 ሺህ ነው። የሰፈራችንን ታሪክ ፈልገው ሲያጡ እኛ ለምን አንጽፍም አሉ፣ እና አሁን መደርደሪያ ላይ ያሉትን የአዲስ አበባ ታሪክ መጽሐፎች እያገላበጡ ነው፣ ለዛ ብለው የታተመ መጽሐፍ እያነበቡ ነው ማለት ነው።

መምህሩ፦ መጽሐፍ ካስነበበ እኔ ጠላትሽ አይደለሁም። ግን የፊደሉን ነገር ዝም ብዬ አላልፈውም። ልጆቹ ያንን የተቀየረ ኮለም በየቀኑ እያዩ ንጉሥ በንጉሡ ሠ መጻፉን ይረሱታል፣ እኔ ክፍል ውስጥ አመቱን ሙሉ የምደክምበት ነገር ነው። ሲቀጥል፣ ያወራሽው ሁሉ ካንቺ ትጋት የመጣ ነው። ነገ ብትታመሚ ወይ ብትዛወሪ ላይብረሪው ዜሮ ነው። ትምህርት ቤቱ ላንቺ ስልጠና ያልከፈለውን አንቺ በምሳ ሰዓትሽ እየከፈልሽ ነው፣ ልክ ነው ብለን ባወራን ቁጥር ኃላፊዎቹ ገንዘብ ላለመመደብ ምክንያት ያገኛሉ። አብሮ መማር ተብሎ የሚወደሰው ነገር እንዲህ ሲሆን እኔ ልቀበለው አልችልም። ሰዓት በፕሮግራም ይመደብልሽ፣ የስልጠና በጀት ይጻፍ፣ ረዳት ይቀጠር፣ ያኔ ጀምሪ።

ላይብረሪያኗ፦ ሰዓቱንና በጀቱን ከእርስዎ ጋር ሆኜ እጠይቃለሁ፣ ደብዳቤውን እርስዎ ይጻፉት እኔም እፈርማለሁ። ርዕሱ ያለበት ኮለም ሽፋኑ ላይ እንዳለው ነው የሚጻፈው፣ ንጉሥ በሠ፣ ጸሐይ በፀ ካለ በፀ፣ የመፈለጊያው ኮለም ደሞ ሊደበቅ ይችላል፣ እሱን በዚህ ሳምንት እናደርገዋለን፣ እርስዎም መጥተው የአጻጻፉን ስህተት ያርሙልን፣ ከ400 በላይ ርዕስ ገብቷል። ያኔ ጀምሪ ያሉትን ግን እሺ አልልም። 12ኛ ክፍል ያሉት ልጆች ሰኔ ላይ ይወጣሉ፣ በጀቱ ቢፈቀድ እንኳ ለሚቀጥለው አመት ነው፣ እነዚህን ምን ብዬ ልመልሳቸው?