መንገደኛ ያየው አይቆጠርም?

ባለፈው ሳምንት ታክሲ ውስጥ ሬዲዮ ተከፍቶ ነበር። ወሬው ስለ ጣልያን የቅኝ ግዛት ዘመን ነው። የክኑድ ሆልምቦ ስም ሲነሳ አንዱ እንግዳ ሳቅ አለና «እሱ እኮ በመኪና ያለፈ ቱሪስት ነው፤ ታሪክ የሚጻፈው ከመዝገብ ቤት ነው» አለ። አወያዩም «ልክ ነው» ብሎ ዘፈን ጋበዘን። እኔ ግን ከታክሲው ከወረድኩ በኋላም ንዴቴ አልበረደም።

ሆልምቦ እስልምናን የተቀበለ የዴንማርክ ጋዜጠኛ ነው። እ.ኤ.አ. በ1930 በአንዲት ሼቭሮሌት ከሞሮኮ ተነስቶ ሰሜን አፍሪካን ሊያቋርጥ ወጣ። ሐሳቡ መካ መድረስ ነበር። መንገዱ በምሥራቅ ሊቢያ፣ በሲሬናይካ ወሰደው። ያኔ የሊቢያ አርበኞች መሪ ዑመር አል ሙኽታር በጀበል አኽዳር ተራሮች ጣልያንን እያርበደበደ ነው። ሊያጠፋው የተላከው ደግሞ ግራዚያኒ፤ እኛው የምናውቀው ግራዚያኒ።

«ያለፈው ቱሪስት» በመጽሐፉ ጣልያኖች የአገሬውን ሕዝብ ስላጎሩበት አንድ ካምፕ ሲጽፍ ቢያንስ 1,500 ድንኳን ይላል። ውስጡ ከ6 እስከ 8 ሺሕ ሰው፣ ዙሪያው የሾህ ሽቦ፣ በየመግቢያው መትረየስ የያዘ ዘበኛ። ቱሪስት ግመል ላይ ፎቶ ተነስቶ ይመለሳል እንጂ ድንኳን አይቆጥርም!

«ሙስሊም ስለሆነ ለዓረቦቹ አዳልቷል» የሚልም አለ። ግራዚያኒስ ለማን አዳላ? ሰውየው ዓረብኛ ይችላል፣ አብሯቸው ይሰግዳል። የነገሩትም ለዚህ ነው። ለጣልያን መኮንን ማን ሆዱን ይገልጥለታል?

ሆልምቦ በሲሬናይካ በቀን 30 ሰው ይገደል ነበር ማለቱ የተጋነነ ሊሆን ይችላል፤ እሺ። እሷን ልስጣችሁ።

አሁን ወደ ተወደደው መዝገብ ቤት እንሂድ። መዝገቡን የሞላው ማነው? የሊቢያ አያሳምን ከሆነ የራሳችንን ላንሳ። ግንቦት 1929 ዓ.ም. ደብረ ሊባኖስ። መነኮሳቱ ግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከወረወሩት ጋር አብረዋል ተባለ። የግራዚያኒ ቴሌግራም 297 መነኮሳት ተረሸኑ ይላል፤ ቆየት ብሎ ዲያቆናቱ ተጨመሩ። በኋላ ተመራማሪዎች አገሩን ዞረው ያዩትን ሽማግሌዎች ሲጠይቁ ቁጥሩ ከ1,400 በላይ ሆኖ ተገኘ፤ እስከ 2,000 እና ከዚያም በላይ ሊሆን እንደሚችል ገመቱ። ሽማግሌዎቹ ማኅተም አልነበራቸውም። ዓይን ነበራቸው። እንግዲህ ያንን ቴሌግራም ያስላከው ሰው ስለ ሲሬናይካ የጻፈው ወረቀት ማኅተም ስላለው እንመነው? እዚያ ወደ 100 ሺሕ የሚጠጋ ሕዝብ ከነከብቱ ተነድቶ በረሃ ላይ ታጉሯል። ከግብፅ ወሰን ጋር 270 ኪሎ ሜትር የሽቦ አጥር ተዘርግቷል። የሽቦው ርዝመት ወረቀት ላይ በደንብ ይሰፍራል። የተራበው ልጅ መልክ ግን ደረሰኝ አይቆረጥለትም። ገዳይ ስለ ሟቹ የሞላው ቅጽ «ማስረጃ»፣ መንገደኛ ቆሞ ያየው «ወሬ»!

በነገራችን ላይ ሊቢያ ከዘመተው የጣልያን ጦር ውስጥ ከኤርትራ የተመለመሉ አስካሪዎች (የቅኝ ገዢው ጦር ወታደሮች) ብዙ ነበሩ። በ1928 ዓ.ም. ደግሞ ሊቢያውያኑ ተመልምለው በኦጋዴን በኩል በእኛ ላይ መጡ። ይህንንም መዝገብ ቤቱ የሚያውቀው በጥይትና በስንቅ ቁጥር ነው።

ሆልምቦን ጣልያኖች ይዘው ወደ ግብፅ አባረሩት። መጽሐፉን አገራቸው ውስጥ አገዱት። በጣልያንኛ እስኪታተም ከ70 ዓመት በላይ ፈጀ። የማይረባ የቱሪስት ማስታወሻ ይህን ያህል ያስፈራል እንዴ?

ዑመር አል ሙኽታር እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 16 ቀን 1931 ሱሉቅ ላይ ተሰቀለ። ዕድሜው 70 ገደማ ነበር። በቀጣዩ ወር ሆልምቦ ወደ መካ ሲሄድ በዮርዳኖሷ ዓቀባ አካባቢ ተገደለ። ገና 29 ዓመቱ ነው። የጣልያን ሰላዮች እጅ አለበት ተብሎ ተጠርጥሯል፤ ማረጋገጫ ግን አልተገኘም። እሱንም መዝገብ ቤቱ ይነግረን ይሆናላ።