ብላክቦርድ ጃንግል ደብ የብላክ አርክ ሥራ አይደለም

«የጃማይካዊው የሬጌ ፕሮዲውሰር የሊ ፔሪ አልበም፣ ብላክቦርድ ጃንግል ደብ፣ የተቀዳው በራሱ ስቱዲዮ፣ በብላክ አርክ ነው» ሲባል ደጋግሜ አያለሁ። ልክ አይደለም። አልበሙ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1973 ነው። ብላክ አርክ የተሠራው ግን በዚያው ዓመት መጨረሻ ገደማ ነው። ሙዚቃው አስቀድሞ በሌሎች የኪንግስተን ስቱዲዮዎች ተቀድቶ ነበር።

የተቀዱት ድምፆች ሲዋሃዱ (ሚክስ ሲደረጉ) ደግሞ ኪንግ ተቢ ከፔሪ ጋር ነበር። ስሙ ሲዘለል በጣም ያናድደኛል! ተቢ የኤሌክትሮኒክስ ጠጋኝ ነበር። በዋተርሃውስ ሰፈር፣ ቤቱ ውስጥ፣ ባገለገለ ሚክሰር (የድምፅ ማዋሃጃ) ነበር የሚሠራው። ሚክሰሩ ላይ አንድ ትልቅ ማዞሪያ ነበር። ሲያዞረው ወፍራሙ ድምፅ እየቀጠነ ይሄድና ፉጨት ብቻ ይቀራል። ከዚያ ቤዙን መልሶ ይለቀዋል። ደረት ላይ ነው የሚያርፈው።

«ደብ የሚባለው የሬጌ ስልት ማለት የድምፃዊውን ድምፅ ከዘፈኑ ማጥፋት ነው» የሚሉም አሉ። እሱማ ቨርዥን የሚባለው ነው፣ ከደብ በፊትም ነበር። በደብ ጊታሩ ድንገት ይቆረጣል፣ ኤኮው ብቻውን ይቀጥላል፣ ከዘፈኑ አንዲት ቃል ብቅ ብላ ትጠፋለች። ሚክሰሩ ራሱ የሙዚቃ መሣሪያ ይሆናል።

የብላክ አርክን ድምፅ መስማት የፈለገ የፔሪን አልበም ‹ሱፐር ኤፕ›ን ይክፈት። እሱ የ1976 ነው፣ እውነትም እዚያው የተሠራ።