«ሙሉ ፈረንጅ» ላም ይቅርብን

ሱሉልታ ላም ሊገዛ የወጣ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ደሟ ስንት ነው?» ብሎ ነው። የፈረንጅ ደሟ ከመቶ ስንት ነው ማለቱ ነው። ደላላው መልስ አያጣም። «75 ናት»፣ «87.5 ናት»፣ ገዢው ገንዘብ ያለው ከመሰለው ደግሞ «ሙሉ ፈረንጅ!»። ዋጋውም አብሮ ይወጣል። የፈረንጅ ደም በጨመረ ቁጥር ላሟ ትሻላለች የሚለው እምነት ከእንጦጦ ማዶ እስከ ሰንዳፋ ሥር ሰዷል። እኔ አልስማማም። ሦስት አራት ላም ይዞ ድርቆሹንም ፉርሽካውንም እየገዛ ለሚያረባ ሰው ሙሉ ፈረንጅ ላም ዕዳ ነች።

ከቤታችን ልጀምር። እናቴ ከዓመታት በፊት «ሙሉ ናት» የተባለች ጥቁርና ነጭ ላም ገዛች። ወተቷ ደስ ይል ነበር፤ በቀን 18 ሊትር የታለበችበት ጊዜ አለ። ጎረቤት ሁሉ ሊያያት ይመጣ ነበር። ከዚያ ክረምት ገባ። በረቱ ጭቃ ሆነ፣ ፉርሽካ ተወደደ፣ ፋጉሎ ጠፋ። አንድ ቀን ንጋት ላይ እናቴ ልታልባት ቁጭ ስትል አንዱ ጡቷ ጠንክሮ ይፋጃል። ወተቱን ጥቁር ሳህን ላይ ጠብ ስታደርገው እንደ አይብ የተቋጠረ ነገር ይዞ ወጣ። የጡት በሽታ ነበር። ያ ጡት በዚያው ደረቀ። ቀጥሎ ማርገዝ እምቢ አለች። አራት ጊዜ ተዳቅላ አልያዘችም። በመጨረሻ ለሥጋ ተሸጠች።

እዚያው በረት ውስጥ ከአገሬዋ የቦረና ላምና ከፍሪዥያን (ፈረንጅ ከምንለው ጥቁርና ነጭ የወተት ዝርያ) ኮርማ የተወለደች ቡላ ላም አለችን። በቀን ከ10 ሊትር አልፋ አታውቅም። ግን ያንኑ መኖ በልታ፣ እዚያው ጭቃ ላይ ቆማ፣ አምስት ጊዜ ወልዳልናለች።

ላም ኮርማ የምትፈልገው በየ21 ቀኑ ነው። ሦስት ጊዜ ሳትይዝ ከቀረች 63 ቀን ሄደ። እነዚያን 63 ቀናት መኖዋን ትበላለች፣ ቀጣዩ ጥጃና ቀጣዩ ወተት ግን በዚያው ልክ ይዘገያል። ሰው የሚያወራው ግን በአንድ ቀን ስለታለበው ሊትር ነው። በዕድሜዋ ስንቴ ወለደች፣ ለሐኪም ስንት ወጣባት ብሎ የሚቆጥር የለም።

ሁለት የማይዛመዱ ዝርያዎች ሲገናኙ የመጀመሪያዋ ልጅ በጤናም በመራባትም ከወላጆቿ አማካይ ትበልጣለች። የድቅል ጉልበት የሚባለው ይህ ነው፤ ግማሽ በግማሽ የሆነችው ጊደር ሙሉውን ይዛዋለች። እሷን መልሰን በፍሪዥያን ስናዳቅላት ልጇ 75 ትሆናለች፣ ጉልበቱ ግን በግማሽ ይወርዳል። 87.5 ላይ ሲደረስ የሚቀረው ሩቡ ብቻ ነው። ደላላው የጨመረውን ሲነግረን የቀነሰውን አይነግረንም። በመሀል ኢትዮጵያ የተደረገ ጥናት ደግሞ የከብት ቲቢ ከአገሬው ከብት ይልቅ በፍሪዥያን ላይ እንደሚበዛና እንደሚከፋ አሳይቷል፤ ወተቱን ሳያፈላ ለሚጠጣ ቤተሰብ ይህ የራሱም ጤና ጉዳይ ነው።

ወደ ሐበሻ ላም እንመለስ እያልኩ አይደለም። በቀን አንድ ተኩል፣ ሁለት ሊትር በምትሰጥ ላም የዛሬን መኖ መግዛት አይቻልም።

ታዲያ ግማሽ ፈረንጅ የሆነችውን ላም በምን እናዳቅላት? በጀርሲ፣ በሌላው የውጭ የወተት ዝርያ። ልጇ ግማሽ ጀርሲ፣ ሩብ ፍሪዥያን፣ ሩብ ቦረና ትሆናለች፤ ጀርሲ ለሁለቱም ባዳ ስለሆነ ጉልበቱ አይወርድም። ጀርሲ ሰውነቱ ትንሽ ነው፣ ጥጃው ሲወለድ እናቱን ብዙ አያስጨንቅም። ወተቱም ቅባት አለው። ይሄ ለእኛ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። ዐቢይ ጾም ብቻውን 55 ቀን ነው። ወተት ገዢው ሲቀንስ ያለን አማራጭ መናጥ ነው፤ ያኔ ቅባት ያለው ወተት ለፋሲካ የሚሸጥ ቅቤ ይሆናል። አዲስ ነገር ይምጣ እያልኩም አይደለም፤ ሆለታ ያለው የምርምር ማዕከል ፍሪዥያንንም ጀርሲንም ከቦረና ጋር ለዓመታት ሲያዳቅል ኖሯል።

የሚጎድለው መዝገብ ነው። አዳቃዩ ሲመጣ የኮርማ ዘር በቅዝቃዜ ከሚቀመጥበት ናይትሮጅን ውስጥ ዘሩን የያዘች አንዲት ቀጭን ቱቦ ይመዝዛል። የምን ኮርማ እንደሆነ እንጠይቅ። ቱቦዋ ላይ የኮርማው ቁጥር አለ፣ እንጻፈው። ካልጻፍነው ነገ የአባቷን ዘር መልሰን ለልጅቷ ልንሰጥ እንችላለን። ቡላዋ ከወለደቻቸው አምስት ጥጆች የአባቱን ቁጥር የምናውቀው የአንዱን ብቻ ነው፣ ይሄ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። በ2015 የሌማት ትሩፋት የተባለው የመንግሥት መርሃ ግብር ሲጀመር ወተት ከዋናዎቹ ጉዳዮች አንዱ ነበር። ስንት ጊደር ተዳቀለ ከሚለው ቁጥር ጎን እያንዳንዷ ጥጃ የማን ልጅ እንደሆነች የሚናገር ደብተር በየበረቱ እንዲኖር እፈልጋለሁ።

ባለፈው ሳምንት ቡላዋ ጠዋት ስትጮህ፣ ሌሎቹ ላይ ስትወጣ አየናት። ጠዋት የታየች ከሰዓት ነው የምትዳቀለው፣ ቶሎ ደወልን። አዳቃዩ በሰዓቱ መጣ፣ የጀርሲ ዘር ግን ይዞ አልመጣም። «ፍሪዥያን ላድርግላት?» አለ። እናቴ እምቢ አለች። የ21 ቀን መኖ ከኪሷ እንደሚወጣ ታውቃለች። በሚቀጥለው ጀርሲውን ይዞ እንዲመጣ ቃል አስገብታ ሸኘችው፣ ቀኑንም ከበረቱ በር ጀርባ በከሰል ጻፈችው።